የተሳላሚ ጓዝ፤ ለቁልቢ፣ ለላሊበላና ለጎንደር መንገደኞች

እንደሚታወቀው ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያም ዓመታዊ ክብረ በዓል በአክሱምና በስሟ በታነጹ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ይከበራል። ከዚህ ቀን አንሥቶ እስከ ጥር 11 ቀን ድረስ ያሉት 51 ቀናት በሀገራችን የተሳላሚው እግር የሚበዛባቸው ናቸው። ታኅሣሥ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል በላሊበላ፣ ጥር 10 እና 11 ቀን ከተራና ጥምቀት በጎንደር ተከታትለው ይመጣሉ። በዚህም ሰሞን በብዙ ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን ለብሰን፣ ምንስ ይዘን እንሂድ?

ስለ በዓሉ ምሥጢር መጻፍ በሚገባበት ገጽ ላይ ስለ ካልሲና ስለ ሹራብ መጻፍ ምን ይባላል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው እናስብ ነበር። ነገር ግን በልብስ ምክንያት ከደጁ የቀረ ሰው ካየን ወዲህ ሐሳባችን ተለውጧል።

ከመንገድ ያስቀረው ቀሚስ

በምንሰበሰብበት የማርያም ማኅበር ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። የማኅበሩን ጠላ የሚጠምቁ፣ ዳቦውን የሚደፉ፣ ማኅበርተኛ ሲታመም ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ነበሩ። ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የልደትን በዓል በላሊበላ ማክበር። ማኅበራችን ጉዞ ባሰናዳ ቁጥር «ዘንድሮስ አልቀርም» ይላሉ፤ ቀኑ ሲቃረብ ግን ጉልበታቸውን አመካኝተው ይቀራሉ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጊዜ አልተሰጣቸውም፤ በአጭር ሕመም ዐረፉ።

የዐርባ ቀን መታሰቢያቸው ሲወጣ ልጃቸው እውነቱን ነገረችን። ያስቀራቸው ጉልበታቸው አልነበረም። ማኅበራችን ተጓዡ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ መስቀል የተጠለፈበት አዲስ የሀገር ልብስ አሠርቶ እንዲመጣ ወስኖ ነበር። የልብሱም ዋጋ ከመጓጓዣው ዋጋ ይበልጥ ነበር። እኒያ እናት ንጹሕ ቀሚስ ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ማኅበሩ ያዘዘው ቀሚስ ነው። «ከሰው ተለይቼ ከምታይ ይቅርብኝ» ማለታቸውን ሰማን። ያንን ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ያሰፈርነው እኛው ነበርን። ስንጽፍ ያሰብነው የበዓሉን ድምቀት ነው፤ በማን ቤት ምን እንዳለ አልጠየቅንም።

ዘንድሮ ልጅቷ ለመጓዝ ተነሥታለች። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቃን፣ «ዲያቆን፣ እናቴ ሳትሳለም የቀረችውን እኔ ልሳለምላት ነው። አዲስ ልብስ አልገዛም። ከቤት ካለኝ ልብስ ምን ምን ልያዝ?» ስትል ጠየቀችን። እኛም በዚያው ዕለት ከቤቷ ሄደን ሻንጣዋን አብረናት አሰናዳን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ለእርሷ የሰጠነውን ምክር ነው።

ከተማውን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ማሰብ

ብዙ መንገደኛ ጓዙን የሚያሰናዳው የሚደርስበትን ቦታ ብቻ አስቦ ነው። ላሊበላ ብርድ ነው ሲሉት ወፍራም ወፍራሙን ይሰበስባል፤ ድሬዳዋ ሙቀት ነው ሲሉት ስስ ስሱን ብቻ ይይዛል። የሀገራችን መልክዐ ምድር ግን እንዲህ ላለው አሳብ አይመችም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው ማለዳ የደብረ ብርሃንን ብርድ ይቀበላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘውን የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ብዙም ሳይቆይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ማለዳ ያስፈለገው ካፖርት እኩለ ቀን ሳይሆን ሸክም ይሆንበታል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንደገና ዳገት ይወጣል፤ ወልድያን አልፎ በጋሸና በኩል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ላሊበላ ሲገባ ደግሞ ያ የተጠላው ካፖርት ይፈለጋል።

የቁልቢ መንገድም እንዲሁ ነው። ተሳላሚው በአዳማና በመተሐራ አድርጎ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም በጭሮ በኩል የጨርጨርን ተራሮች ይወጣል። በድሬዳዋ በኩል የሚመጣውም ከሞቃቷ ከተማ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ በዚያው ቀን ደጋ ይገባል።

በዚህ ላይ ወሩ በጋ ነው። ደመና የሌለው ሰማይ ቀን ፀሐዩን ያለ ከልካይ ያወርዳል፤ ሌሊት ደግሞ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚይዝባት መጋረጃ ስለሌለ ብርዱ ይጸናል። ስለዚህ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት አየር አለ። መድኃኒቱ ወፍራም ልብስ ማብዛት ሳይሆን ቀለል ቀለል ያሉ ልብሶችን ደራርቦ እንደ አየሩ መጨመርና መቀነስ ነው። ሙቀትን የሚጠብቀው የጨርቁ ክብደት ብቻ አይደለም፤ በድርቦቹ መካከል የሚቀረው አየር ነው። ባለ አራት ድርቡ ጋቢ እንደዚያ የሚያሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዱ ልብስ ሦስት ሥራ ሲሠራ

ለልጅቱ ከቁም ሣጥኑ አውጥተን አልጋው ላይ የዘረጋነው ይህን ነበር፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንዱ ለመንገድ አንዱ ለበዓሉ ሌሊት፤ ሁለት ነጠላ፤ አንድ ጋቢ፤ አንድ የሱፍ ሹራብ፤ ከቀሚሱ ሥር የሚለበስ ስስ ሹራብ፤ ሦስት ጥንድ ካልሲ፤ ሦስት ቅያሬ የውስጥ ልብስ፤ አንድ የተለመደ ሽፍን ጫማና አንድ ነጠላ ጫማ። ለወንድ ተጓዥ በቀሚሱ ምትክ ሁለት ሱሪና ሁለት ሸሚዝ፣ በነጠላው ምትክ ኩታ ይተካል፤ ኮት ካለው ይለብሰዋል እንጂ በሻንጣ አይሸከመውም። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ «ምናልባት ቢያስፈልግ» ተብሎ የሚያዝ ነው። እንዲህ ተብሎ የተያዘ ልብስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ታጠፈ ሄዶ እንደ ታጠፈ ይመለሳል።

ጥቂት መስሎ የሚታየው ይህ ጓዝ የሚበቃው እያንዳንዱ ልብስ ከአንድ በላይ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ነጠላ በቤተ ክርስቲያን መሸፈኛ ነው፤ በመንገድ ላይ ከፀሐይና ከአቧራ ይከላከላል፤ ታጥፎ ትራስ ይሆናል፤ ልጅ ያዝሉበታል። ጋቢም በሌሊቱ ማኅሌት ልብስ፣ በማረፊያ ቦታ ብርድ ልብስ፣ በአውቶቡስ ወንበር ላይ መደገፊያ ነው። በኦሪት ዘጸአት የድሃ ልብስ በመያዣነት ቢወሰድ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመለስለት የታዘዘው ሌሊት የሚተኛበት ያው ልብሱ ስለሆነ ነው። ቀን የሚለበስ ሌሊት የሚደረብ አንድ ልብስ የሰው ልጅ ጥንታዊ ጓዝ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እናቶቻችንና አባቶቻችን በእግራቸው ብዙ ሳምንት ተጉዘው ሲሳለሙም ከጋቢና ከስንቅ ያለፈ ነገር አልያዙም።

ስለ ጫማ አጥብቀን የምንናገረው አለ። ለጉዞ ተብሎ በዋዜማው የተገዛ ጫማ የተሳላሚ ጠላት ነው። እግር ውኃ ቋጥሮ ከበዓሉ ይልቅ ተረከዙን ሲያስብ የሚያድር ሰው በየጉዞው አይተናል። አሮጌ ሸራ ጫማ ከአዲስ የቆዳ ጫማ ይሻላል። አዲስ መግዛት ግድ ከሆነም ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በሠፈር መንገድ ላይ መለማመድ ነው። መዋስም አይገባም፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለጫማም ይሆናል።

የአቀማመጡም ነገር ይታሰብበት። ትልቁ ሻንጣ አንድ ጊዜ ከፖርቶ መጋላ ላይ ከወጣ እስከ ማታ አይወርድም። ስለዚህ ሹራቡ፣ አንዱ ነጠላ፣ ካልሲው፣ መድኃኒቱና ውኃው በጭን ላይ በሚያዝ ትንሽ ቦርሳ መሆን አለባቸው። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ቆሎው፣ በሶውና ዳቦ ቆሎውም ከዚያው አይጠፋም። ጋቢው ተጠቅልሎና በመቀነት ታስሮ ለብቻው ቢያዝ ሻንጣውን አያጣብብም። መርፌና ክር፣ ጥቂት መርፌ ቁልፍ፣ አንድ ባትሪና ሁለት ፌስታል ክብደታቸው የማይታወቅ፣ ጥቅማቸው ግን ብዙ ነው።

ለየደብሩ የሚጨመረው

ከላይ የተዘረዘረው ጓዝ ለሦስቱም መንገዶች ያገለግላል። እንደየቦታው የሚጨመረው ነገር ጥቂት ነው።

ቁልቢ የስለት ደብር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ልዑል ራስ መኰንን እንዳሠሩት የሚነገርለት ይህ ደብር በየዓመቱ እጅግ ብዙ ስለት ያስገባል፤ ጥላ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ ተሸክሞ የሚመጣው ብዙ ነው። ስለቱን ከግል ልብስ ጋር ማጨቅ ስለቱንም ልብሱንም ያበላሻልና ለብቻው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዝ። ሕፃን ለማስጠመቅ የሚሄዱ እናቶች ለሕፃኑ ሁለት ቅያሬና አንድ ወፍራም መጠቅለያ ቢይዙ መልካም ነው፤ ቀትር ላይ በአዋሽ ቆላ የተራቆተ ሕፃን ማታ በደጋው ይንቀጠቀጣልና።

በላሊበላ ተሳላሚው ጫማውን ደጋግሞ ያወልቃል። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው፤ በአንዱ በር ገብቶ በሌላ መውጣትም አለ። ስለዚህ በቀላሉ የሚጠልቅ ጫማ ይመረጣል፤ ሲወልቅም በር ላይ ከመተው በፌስታል አድርጎ መያዝ ይሻላል፤ በበዓሉ ሕዝብ መካከል ጫማ ፍለጋ መመለስ አይቻልምና። የዐለቱ ወለል በሌሊት እንደ በረዶ ነው፤ ወፍራም ካልሲ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። ምንጣፉ ላይ ቁንጫ እንደማይጠፋም የሄደበት ሁሉ ያውቃል፤ ካልሲው ለዚህም ይረዳል። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደው የጨለማ ዋሻ ውስጥ ባትሪ ለሽማግሌዎች ደግ ነው። በልደት ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዐለት ላይ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ ለማየት የሚፈልግ ሰው ሌሊቱን በውጭ ያድራል። ስለዚህ ለበዓሉ የታሰበው ነጭ ቀሚስ ሥሩ ስስ ሹራብ፣ ላዩ ጋቢ ሊኖረው ይገባል።

በጎንደር ደግሞ ነገሩ የውኃ ነው። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል የመዋኛ ሥፍራ ወርደው በዚያው ያድራሉ፤ ሕዝቡም አብሮ ያድራል። በማግሥቱ ውኃው ከተባረከ በኋላ ብዙው ወጣት ዘሎ ይገባል፤ ያልገባውም ቢሆን ይረጫል። በጥጥ ልብስ ላይ የፈሰሰ ውኃ ቶሎ አይደርቅም፤ ርጥብ ጥጥ ለብሶ በጥር ማለዳ ንፋስ መቆምም ሕመም ያስከትላል። በመሆኑም አንድ ሙሉ ቅያሬ በፌስታል ተጠቅልሎ በእጅ መያዝ አለበት፤ ርጥቡም ልብስ በዚያው ፌስታል ይመለሳል።

ባሕር ተሻግሮ ለሚሳለም

ከሀገር ውጭ ለሚጓዘውም ሕጉ ያው ነው። ሁኔታው በሚፈቅድ ጊዜ ብዙ ምእመናን የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ያከብራሉ። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተራራ የተሠራች ናት፤ በሚያዝያ ቀኗ ለዘብ ያለ፣ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ከእርሷ ወደ ኢያሪኮና ወደ ዮርዳኖስ የሚወርደው መንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከባሕር ወለል በታች ያደርሳል። እንግዲህ የጣርማ በርና የሸዋ ሮቢት ነገር በዚያም አለ፤ ሹራቡን አውልቆ ነጠላ መልበስ ይመጣል ማለት ነው። በዮርዳኖስ የሚጠመቅ አንድ ነጭ ልብስ ለብቻው ይይዛል።

የአሮጌዋ ከተማ መንገዶች በብዙ ዘመን እግር የተወለወሉ ድንጋዮች ናቸው፤ መነኮሳቶቻችን የሚኖሩበት ዴር ሱልጣንም ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ነው። ደረጃው ብዙ ስለሆነ ሶሉ የማያንሸራትት ዝቅ ያለ ጫማ እንጂ ባለ ታኮ አይመችም። በአውሮፕላን የእጅ ቦርሳ ከ100 ሚሊ ሊትር በሚበልጥ ዕቃ ፈሳሽ ይዞ መግባት በአብዛኛው አውሮፕላን ማረፊያ አይፈቀድም። ስለዚህ የዮርዳኖስ ውኃና ዘይት በትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ በልብስ መካከል በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ። ይህም በሻንጣው ውስጥ አስቀድሞ ባዶ ቦታ መተው እንደሚያስፈልግ ያሳያል፤ ሞልቶ የሄደ ሻንጣ በረከት የሚይዝበት ስፍራ የለውም።

ምን ይቅር?

ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ሁለት እጀ ጠባብ እንዳይለብሱ አዝዟቸዋል፤ በእግራቸው ግን ጫማ እንዲያደርጉ ፈቅዷል። በሌላ በኩል ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ በጢሮአዳ በአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ለጢሞቴዎስ ጽፏል፤ ከክረምት በፊት እንዲመጣም ለምኖታል። ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ትርፍ ልብስ መንገድን ያከብዳል፤ የሚያስፈልገውን ልብስ መያዝ ግን የእምነት ጉድለት አይደለም። ታላቁ ሐዋርያ እንኳ ብርድ ይሰማው ነበር።

እንግዲህ የሚቀረው ለመታየት የተያዘው ነው። ለፎቶግራፍ የታሰበው ሦስተኛ ቀሚስ፣ ከባልንጀራ የተዋሱት ጌጥ፣ በብድር የተገዛው ጫማ ይቅር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ንጹሕ ነጠላ በቤቱ ያለ ሰው ለጉዞ ብሎ ዕዳ ሊገባ አይገባም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚጠይቀው አካልን የሚሸፍንና ንጹሕ የሆነ ልብስ ነው፤ አዲስ ይሁን አይልም። ጉዞ የሚያሰናዱ ማኅበራትም ተመሳሳይ ልብስ ከማዘዛቸው በፊት የእያንዳንዱን ማኅበርተኛ አቅም በልባቸው ቢያስቡ እንላለን። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ የጻፍነው ቃለ ጉባኤ እስከ ዛሬ በእጃችን አለ። ማኅበራችን በዚህ ወር ስብሰባው ያንን ውሳኔ ሽሯል፤ ለእኒያ እናት ግን የዘገየ ነው።

የልጅቱን ሻንጣ አሰናድተን ስንጨርስ ክብደቱን ለመፈተን አንሥታው በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች። በአንድ እጇ ያለ ድካም ያዘችው። ከዚያ አስቀመጠችውና ከሣጥን ውስጥ አንድ ነጠላ አወጣች፤ ጥለቱ የደበዘዘ፣ በአንድ ጠርዙ በእጅ የተሰፋ። የእናቷ ነበር። አልጋው ላይ ከተዘረጉት ሁለት ነጠላዎች አዲሱን ወደ ቁም ሣጥኑ መልሳ የእናቷን በቦታው አጠፈችው። «የበዓሉ ሌሊት የምለብሰው ይኼንን ነው» አለችን። እኛም ሌላ ምክር አልጨመርንም።

ለምትጓዙ ሁሉ መንገዱን የቀና፣ መመለሻውን የሰላም ያድርግላችሁ። መልካም በዓል!